አጎቴ የተከሉት ኦክ

አጎቴ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። የቸርች ሰዎች ጸሎታቸውን ያነሣሉ፤ እኔ ግን የማልረሳው የዛፍ ውሃ አጠጣጣቸውን ነው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ሰመር ላይ በረንዳው ከፀሐዩ የተነሣ አያስቀምጥም ነበር። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ልገዛ ስል፣ «የዚሁ አገር ዛፍ ይሁን፤ አፈሩን ያውቀዋል» ብለው ከጉልበታቸው የማያልፍ ኦክ አመጡ። ከቤቱ ራቅ አድርገው ሲቆፍሩ፣ «ጋሼ፣ ጥላው እኮ እኛ ጋ አይደርስም» አልኳቸው።

«ሲሰፋ ይደርሳል። አሁን ካስጠጋነው ኋላ ትቆርጪዋለሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከታች የበሱትን ባልዲ ከግንዱ አጠገብ ያስቀምጡና ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሌላው ዛፍ ሁሉ ሲለመልም የእኛ ቅጠል አላወጣም። ደርቋል ብዬ የግቢ ሠራተኛ ጋ ኮል አደረግኩ። ሰውዬው ሊነቅለው ሲል አጎቴ አካፋውን ያዙበት። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ አሳዩኝ።

«አልሞተም እኮ ልጄ። አትቸኩዪበት» አሉ።

በሁለት ሳምንቱ አቆጠቆጠ። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ውሃውን እኔ ይዤ ወጣሁ። ውሻዋን ይዛ የምታልፈው አሜሪካዊት ጎረቤታችን ቆም ብላ፣ «ሰውዬው የት ሄዱ?» አለችኝ። ለዓመታት እጅ ሲነሣሱ ኖረዋል፤ ቋንቋ ግን አላገናኛቸውም። ማረፋቸውን ስነግራት ስማቸውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስኪስተካከልላት ደጋገመችው፤ በሦስተኛው በትክክል ጠራቻቸው። ያኔ አለቀስኩ።