በችግኝ የታሰረው ኤንትሬ

በደርግ ጊዜ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ስንኖር ባሌ የአንድ ነጋዴ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ከሸቤ ቡና ጭኖ እዚያው ጅማ መርካቶ ያራግፍና ማታ መኪናውን ይዞት ይመጣል። የሚያቆመው ከአጥራችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ሜዳው የማንም አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች በርበሬ ያሰጡበታል፣ ያጠቡትን ልብስ ሣሩ ላይ ይዘረጉበታል፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ እዚያው ይጣላል። መኪናው ሲመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ቦታ ይለቃሉ። አንድም ሰው ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። እንዲያውም ሰፈሩ በመኪናው የሚኮራ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ሸቤ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። እዚያው አድሬ እሑድ ከሰዓት ስመለስ ሜዳው ዳር ደርሼ ቆምኩ። ሜዳው በሙሉ ተቆፍሯል። ከኤንትሬው አፍንጫ እስከ መንገዱ፣ ግራና ቀኙም ጭምር፣ ገና ውሃ የጠጣ የግራቪሊያ ችግኝ በረድፍ ቆሟል። እያንዳንዱ ችግኝ በእሾህ ታጥሯል። መኪናው መሃል ላይ ተገትሯል፤ ከኋላው ያለው የእኛ አጥር ብቻ ነው።

ጣሳ ይዘው ውሃ የሚያጠጡት ጎረቤቴ ነበሩ። አዴ ነው የምላቸው፤ በአገሩ አጠራር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው። ጨው ቢያልቅብኝ፣ ልጅ ቢታመምብኝ የምሮጠው እሳቸው ቤት ነበር።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ? እህትሽ በሰላም ተገላገለች?» አሉኝ።

«በሰላም። አዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቀበሌ ዘመቻ ነዋ። ቦታ ምረጡ ሲሉን ይሄን መረጥን።»

«እናንተ ናችሁ የመረጣችሁት?»

«አዎ፣ እኛ ሴቶቹ» አሉና ወደሚቀጥለው ችግኝ አለፉ።

ቤት ስገባ ባሌ እኔ ከሄድኩ ወዲህ ወባ ጥሎት፣ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። የቁፋሮውን ድምፅ ሰምቶ ድንኳን የሚተክሉ መስሎት ነበር። ደግፌ በር ድረስ አወጣሁት። ብዙ ቆሞ አየ። አልተቆጣም፤ ትኩሳቱ ያመጣበት ሕልም መስሎት «አንቺም ይታይሻል?» ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ ለሊቀ መንበሩ አመለከትኩ። መኪናው እስኪወጣ ጥቂቱን ነቅለን መልሰን እንትከለው አልኩ። «እኅቴ፣ ሪፖርቱ ከእኛ በላይ ላለው ለከፍተኛው አልፏል» አለኝ። «አንድ ችግኝ የነካ ሰው ምን እንደሚባል እኔ አልነግርሽም።» ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። በዚያን ጊዜ ሰው ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ነጋዴው ቡናው ሸቤ ተከምሮ እየጠበቀ ነው ብሎ ሰው ላከ። መውጫው የእኛ ግቢ ብቻ ነበር። ግቢያችን በሌላው ወገን ወደ ታችኛው መንገድ ይወጣል። ባሌ ትኩሳቱ በረድ እንዳለለት መጥረቢያ አነሳ። ዘይቱኑን ጣለ፣ ሙዙን ጣለ፣ እኔ የተከልኳቸውን የቡና እግሮች ጣለ። እኔ ግንዱን ስጎትት ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሴቶቹ ናቸው፤ አዴ ከፊት። የአጥሩን እንጨት እየነቀሉ ወደ ዳር መደርደር ጀመሩ። ከአጥሩ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። መኪናውን ያሰሩት እጆች መንገድ ሲጠርጉለት አየሁ።

ኤንትሬው በኋላ ማርሽ ግቢያችንን አቋርጦ ወጣ። አዴ ከጉቶው ላይ አረፍ ሲሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አዴ?»

«ብነግርሽ ለባልሽ ትነግሪዋለሽ። እሱ ይቆጣል። ከዚያ አንቺ ቤቴ መምጣት ትተያለሽ።» ነጠላቸውን አራግፈው ቀጠሉ። «በርበሬያችን ናፍጣ ናፍጣ ሲለን ከርሟል፣ ልጄ። ከመጣችሁ ጀምሮ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ከዚያ በርበሬ ተካፍዬ በልቻለሁ። አንድም ቀን የሸተተኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባሌ መኪናውን መርካቶ፣ ከነጋዴው መጋዘን በር ላይ እያቆመ በእግሩ ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን በጣም አምሽቶ ገባ። የት ቆየህ ስለው ጎረቤቶቹ በየበሩ እያስቆሙ ስለ ወባው ሲጠይቁት እንደነበር ነገረኝ።

«ስሜን ሁሉም ያውቀዋል» አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። «እኔ የአንዳቸውንም አላውቅም።»