የመምህር አያሌው ራም

ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ይህን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ ነው የተነሣሁት። አሁን ላንተ የምነግርህም ስለምወድህ አይደለም፤ ስለማታውቀኝ ነው። ሰው ሁሉ ይሳሳታል ብለህ እንዳታባብለኝ። አልተሳሳትሁም፤ ዐውቄ ነው ያደረግሁት።

መምህር አያሌው ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ቢሮ የምንጋራ አንጋፋ አስተማሪ፣ የትምህርት ክፍላችንም ኃላፊ ነበሩ። ጣና ውስጥ ያለችው የደቅ ደሴት ሰው ናቸው። የተማሪዎቻቸውን ስም ከነአባታቸው በቃላቸው ይጠሩ ነበር። እኔ እጠላቸው ነበር። ለምን? የጻፍሁትን ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ አርመው በባልደረቦቼ ፊት ስለመለሱልኝ። እርማታቸው ልክ ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ወንበራቸውንም እመኘው ነበር።

አሮጌ ላፕቶፓቸው ሲንቀራፈፍባቸው ወደኔ መጡ፤ ከመካከላችን ኮምፒዩተር የምነካካ እኔ ነበርሁ። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቁራጭ፣ በተሻለ ቢተካ እንደሚፈጥን ነገርኋቸው። ግሽ አባይ ሰፈር ካለ ሱቅ አዲስ ገዝተው ሰጡኝ። ቤቴ ወስጄ ክዳኑን ፈታሁ። አዲሱን ራም ለራሴ ላፕቶፕ ሰካሁት። ከራሴ የነቀልሁትን፣ የጻፍሁትን ሁሉ ሲያበላሽብኝ የከረመውን፣ ለሳቸው ሰካሁላቸው። ስስት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ጥላቻም ነበረበት። ብሎኑን መልሼ ሳጠብቅ ደስ ብሎኝ ነበር። የኔ ብልሹ ራምም በመጠን ከድሮው ራማቸው ስለሚበልጥ ላፕቶፑ ፈጠነ፤ እጅህ ይባረክ ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ፋይሎቻቸው ይበላሹ ጀመር። ያስገቡት የተማሪ ውጤት ሲከፈት ሌላ ቁጥር ሆኖ ይገኛል። ያዘጋጁት ፈተና አንቀጹ ጎድሎ ይወጣል። በትክክል ነው የጻፍሁት ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? መጀመሪያ የመብራት መቆራረጥ ተወቀሰ፣ ቀጥሎ ቫይረስ። ኋላ ግን ሰውየው አረጁ፣ መርሳት ጀመሩ ተባለ። ወሬውን ማን ጀመረው ትለኝ ይሆናል። እኔ ነኝ። ሻይ እየጠጣሁ፣ ያዘንሁ መስዬ፣ እኔ።

ሰው ማመኑ ቀላል ነው። እሳቸው ራሳቸው አመኑ። ክፍል ገብተው ተማሪ በስሙ መጥራት ተዉ። እያንዳንዷን ገጽ ወደኔ እያመጡ ልክ መሆኗን እይልኝ ይሉኝ ጀመር። ራሙ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? አላልሁም። በመጨረሻ ጡረታ ጠይቀው ወደ ደቅ ገቡ። ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባላል፤ ለወንበራቸው የተመረጥሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ጣና ዳር፣ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ተገናኘን። ቆመው ፊቴን ሲያጠኑ ቆዩ። ዐውቀውኛል፤ ከዐይናቸው ይታይ ነበር።

«ደሳለኝ ነህ መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከተሳሳትሁ አትቀየመኝ፣ ልጄ። ራሴን አላምነውም።»

«አልተሳሳቱም» አልሁ።

ቢሮ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ የነፈግኋቸው ይህችን ቃል ነበር። የዚያን ቀንም ቢሆን የሰጠኋቸው ስለ ስሜ ብቻ እንጂ ስለ ራሙ አልነበረም። ጀልባቸው ተነሣ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ካንተ ይቅርታ አልፈልግም፤ ያንተ ይቅርታ ለሳቸው ምን ይፈይዳል? ሄዶ መንገር ይቻላል። በሕይወት አሉ፤ ጀልባም አይጠፋም። እስካሁን ያልሄድሁት ግን አፍሬ እንዳይመስልህ። ወንበሩን ስለምወደው ነው።