ካምፕ ያሉት ትምህርት

ስለ ጎረቤቴ ስለ ውዴ ልጻፍ ብዬ ነው። እጄ ጽሕፈት ብዙም አልለመደም፤ የሳትሁት ፊደል ካለ እለፉኝ።

ውዴ የሰባታሚት ሰው ናት። ጎመንና ሎሚ ጉሊት እየሸጠች አንድ ልጇን ትንቢትን ብቻዋን አሳደገች። ትንቢት አምና ዘጠነኛ ነበረች፤ የተበላሸ ራዲዮ ካየች ሳትፈታው አትተኛም። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ፈትታ ትበትነኛለች» እያለች ውዴ ትስቃለች። ዩኒቨርሲቲ እንድትገባላት ተስላለች።

ሰኔ ላይ መምህር ገድሉ ቤቷ መጣ። እኔም ነበርሁ።

«እትዬ ውዴ፣ እንኳን ደስ አለዎ! ትንቢት ለሳይንስ ካምፕ ተመርጣለች። ክረምቱን እዚያው ታድራለች።»

ውዴ ካምፕ የሚለውን ብቻ ሰማች። እኛ ዘንድ ካምፕ የወታደር ነው። ወንድሟ አካሉ ካምፕ እንደገባ ድምፁ ጠፋ።

«ልጅ ናት እኮ፣ መምህር» አለች ቀስ ብላ።

እሱ ሊያረጋጋት ነው እንግዲህ፣ «አይስጉ፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ ያለ ፈቃድ መውጣት የለም፤ ልብስም ይሰጣቸዋል» አላት።

ሲወጣ ወደ እኔ ዞራ «ልብስም ይሰጣታል አለ! ሰማሽ?» አለችኝ። እኔስ ሌላ ካምፕ መኖሩን በምን አውቄ?

በማግስቱ ልጅቱን ጢስ ዓባይ አክስቷ ዘንድ ሰደደቻት።

«እማ፣ ትምህርት ነው እኮ!»

«ለአካሉም ቶሎ ትመለሳለህ ነው ያሉት» ብላ ሚኒባሱ ላይ ጫነቻት። መምህሩን ታማለች አለችው። ቦታውን ለሩሐማ፣ ለክፍል ጓደኛዋ ሰጡት።

መስከረም ላይ ካምፕ የከረሙት ልጆች የተማሩትን ለወላጅ አሳዩ። ከውዴ ጋር ሄድን። ሩሐማ ነጭ ጋዋን ለብሳ ማይክሮስኮፕ አጠገብ ቆማለች።

«እትዬ ውዴ፣ ይዩት፣ የጣና ውኃ ነው።»

ውዴ ጎንበስ ብላ አየች። «እንዴ! ይሄ ሁሉ ይርመሰመሳል? የት አሳዩሽ?»

«ካምፕ ነዋ! ዩኒቨርሲቲው ግቢ።»

«ይሰጣል ያሉት ልብስስ?»

«ይኸው» አለች ሩሐማ፣ ጋዋኑን እያሳየች።

ውዴ እጅጌውን ነካ አደረገችው።

ዘንድሮ ትንቢትን ውሰዱልኝ ብላ መምህር ገድሉን ደጅ ጠናችው። «የሚወስዱት ዘጠነኛ ክፍልን ብቻ ነው፤ እሷ አልፋለች» አላት።

ትንቢት እናቷን አትቆጣም። ጎመኑን ታስርላታለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ዛሬ ምን ተማርሽ ሲሏት ግን «ደኅና ነው» ብላ ትወጣለች።

«ምነው በሰደበችኝ» ትለኛለች ውዴ።