ለመንግሥት ሰርግ የተሰጠው ዙምባራ

ልጄ ዘንድሮ ክረምቱን በአንድ ሙዚየም በልምምድ ልታሳልፍ ተመድባለች። ትናንት የተሰጣትን ነጭ ጓንት እየለካች፣ «እማዬ፣ አንቺም በወጣትነትሽ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተሻል አሉ፤ ለምንድን ነው አውርተሽልኝ የማታውቂው?» አለችኝ። ምሳ ቀርቦ ስለነበር በምግቡ አሳብቤ ወሬውን ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሳቤ ሁሉ አሶሳ ነው።

ጊዜው ክልሉ ገና ክልል የሆነበት ነበር። ወላጆቼ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ታሪክ ስማር ቆይቼ ለክረምት ስመለስ፣ ወደፊት ለሚከፈት ሙዚየም ዕቃ የሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ተቀበለኝ። ሙዚየም ስላችሁ ታዲያ ግንብ እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ እየጮኹ ካልሆነ መነጋገር አይቻልም። ሥራዬ ቅሉንና ቅርጫቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል በሩን መክፈት፣ በየዕቃው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር መጻፍ ነበር። የአሶሳ ክረምት ሻጋታ ሲያሳድግ ለጉድ ነው፤ አልጋ ሥር የረሳችሁት ጫማ ጢም አብቅሎ ይጠብቃችኋል። ቢሆንም ሥራውን ወደድኩት።

ከዕቃዎቹ መሐል ከመንጌ ገጠር የመጣ ትልቅ ዙምባራ ነበር፤ ቅል በቅል ላይ ተሰክቶ የተሠራ ረጅም መለከት። ለሰብሳቢዎቹ የተሰጣቸው መመሪያ «ከየዓይነቱ አንድ» የሚል ስለነበር ትልቁን ብቻ ይዘው መጡ። ዙምባራ ግን እንደ ክራር ብቻውን አይጫወትም። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ነፊዎቹ ሲቀባበሉት ነው ዜማ የሚሆነው። አንዱ ከጎደለ ዜማው ይቀዳደዳል። የአካባቢውን የበርታ ሕዝብ ሰርግ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሰብሳቢዎቹ ግን ለአገሩ እንግዳ ነበሩ።

አንድ ጠዋት አብዱራሂም የሚባል ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ዙምባራው የመጣበት ሰፈር ነፊዎች መሪ ልጅ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

«እህቴ፣ አባቴ ታመመ። ሊሞት ነው። ዙምባራ አንድ ጊዜ መስማት ይፈልጋል። ትልቁ የለም።»

«ታዲያ ሲወስዱት ለምን ሰጣችሁ?»

«ወላሂ፣ መንግሥት ሰርግ አለው ብለን ነው። ሰርግ ያለው ሰው ይወስዳል፣ ይመልሳል። አንድ ብቻ ሲወስድ ግን ግራ ገባን።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት።

«አዲስ መሥራት አይቻልም?»

«ቅሉ አሁን አበባ ነው። እስኪደርቅ አባቴ አይጠብቅም። አንተ ለአለቃ ንገረው፣ እህቴ።»

አለቃዬ አቶ ታምራት ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ነበሩ። ነገሩን ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ገብቶኛል ልጄ። ግን ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥር ያለው ዕቃ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ያለ ኮሚቴ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ሕዝቡ እኮ ደጅ ቆሟል!»

«አንዱን ብለቅ ነገ ሁሉም ይመጣል። ምን ይዤ ነው ሙዚየም የምከፍተው?»

ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበር። በየቢሮው ደጅ ጠናሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አብዱራሂም ሲጠብቅ ዋለ። ምሳ ሰዓት ላይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አብረን በላን። አባቱ ማዶ ሆኖ የትኛውን ዙምባራ ማን እንደነፋው በድምፁ ብቻ እንደሚለይ ነገረኝ። ከዚያ «አባቴ ይጠብቀኛል» ብሎ በዝናቡ ሄደ።

ፈቃዱ የተገኘው ከብዙ ቀን ልመና በኋላ ነው። ዙምባራውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ መንጌ የሚሄድ መኪና ሳፈላልግ አብዱራሂም ራሱ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

«ተፈቀደ!» ብዬ ሮጥኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። ከጆንያው ሌሎቹን ዙምባራዎች እያወጣ ከትልቁ ጎን ደረደራቸው።

«አባቴ ሞተ። ትልቁ የታለ እያለ ነበር። እኛ ነፋን፤ አልሞላም። በእጁ ምልክት ‹ተዉ› አለን። ከእንግዲህ ማን ያስተምራል? አብረው ይሁኑ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። አቶ ታምራት ወጥተው የተደረደረውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ «ሙሉ ሆነልን!» አሉ። ወዲያው ሰውየውን አይተው ደነገጡና አንገታቸውን ደፉ። አብዱራሂም ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፍኩ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እዚያ ቢቀሩ ኖሮ ይጠፉ ነበር እኮ፤ አትርፋችኋቸዋል» አለችኝ። እውነቷን ይሆናል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ተርፈው ምን ሆኑ? የሚነፋቸው የለም። «ዕቃ ከማንሳትሽ በፊት ከማን ጋር እንደሚኖር ጠይቂ» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሷ የተመደበችው ድሮ የተወሰደውን እንድትጠብቅ ነው። እዚያ የሚጠየቅ ሰው የለም።