የጀማል ፒካፕ በመቻራ መንገድ

ከአዳማ በጠዋት ተነሳሁ። የጉዞዬ ምክንያት አሮጌ ፒካፔ ናት፤ ኮረኮንች ላይ እንደ ኤሊ ነው የምትሄደው። አንድ ጎረቤቴ፣ ጭሮ ውስጥ ጀማል የሚባል ሹፌር እንደኔዋ ያለችውን መኪና አሻሽሎ በመቻራ መንገድ ያስከንፋታል ብሎ ነገረኝና እንቅልፍ አጣሁ። በአውቶብስ የአሰቦትን ቆላ አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ልቤ ቀድሞኝ ጭሮ ገብቶ ነበር።

ጭሮ

ጀማልን ጋራዥ አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ «ና፣ ግባ ሥሯ!» አለኝ።

በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከኋላ ጭነቱን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ብረት ተደርቧል፤ ከሞተሩ ሥር ድንጋይ እንዳይመታው ወፍራም ላሜራ ታስሯል። ስነካካው እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

«ነገ ለአዴ ፋጡማ ከመቻራ ጫት አመጣለሁ» አለ። አዴ ፋጡማ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። «ከወደዱት ቋሚ ሥራ አገኘሁ። ካልወደዱት ግን መኪናዋን እሸጣታለሁ፤ ሌላ መላ የለኝም።»

መቻራ

በማግስቱ ስንሄድ ገለምሶ ላይ ሻይና ሳንቡሳ ቀመስን። ስንመለስ ግን መቆም የለም። በቅጠል የተጠቀለለውን ጫት ከኋላ ጭነን ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለልን፣ ጫት የጫኑትን አይሱዙዎች አቧራ አልብሰን ጭሮ ገባን።

አዴ ፋጡማ አንዱን እስር ፈተው አራገፉት። ለጋው ቅጠል መሬት ላይ ረገፈ።

«ፈጥነሃል» አሉት። «ጫቱ ግን ተገርፎ የመጣ ነው የሚመስለው። አንተ፣ ኋላ ተጭነህ ታውቃለህ?»

«ሹፌር እኮ ነኝ አዴ፤ ኋላ ምን ልሠራ?»

«እስቲ ተጫን። ነገ አንዴ እሞክርሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የለም።»

ጀማል ቁልፉን ለኔ ሰጥቶ ከኋላ ወጣ። ከከተማ ወጣ ብዬ እንደሱ አስከነፍኳት። ብዙም ሳልሄድ ጣሪያውን ደበደበው።

«ቁም! ወላሂ ገደልከኝ!»

ወርዶ ወገቡን ይዞ ቆመ። የደረበው ብረት ለከባድ ጭነት የሚሆን ነው፤ ጫት ደግሞ ቀላል ስለሆነ መኪናዋን ተጭኖ አያረጋትም፣ ይነጥራል። ያን ዕለት ብረቱን አወጣው፤ ላሜራውን ብቻ ተወው።

ሁለተኛው ቀን

አይሱዙዎቹ አንድ በአንድ አለፉን። ጀማል ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ነዳጅ አልጨመረም። እኔ ደግሞ «አለቀለት» ብዬ ፈራሁለት።

አዴ ፋጡማ ዘግይተን መድረሳችንን አይተው ወደ ጭነቱ ቀረቡ። እስሩን ፈተው አራገፉት፤ ደግመው አራገፉት። አንድም ቅጠል አልወደቀም።

«ነገም ና» አሉት።

ጀማል ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

አዳማ

ፍጥነት ልማር ሄጄ፣ መኪና የሚሻሻለው ለሚጫነው ነገር መሆኑን ተምሬ ተመለስኩ። በማግስቱ ፒካፔን ይዤ መካኒኬ ዘንድ ሄድኩ። እናቴን ገጠር የማመላልሳት በእሷው ነው።

«ስንት ብረት ልደርብልህ?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት፤ «መጀመሪያ እናቴን እንጠይቃት።»