ይሸናል እኮ!

ሳጂዳ ኢምፔሪያል ጋ ሻርፕ ትሸጣለች። ከእሷ ጋር ዋጋ የተከራከረ ደንበኛ ረትቶ የሄደበት ቀን የለም። ቤት ስትገባ ግን የሚሰማት ጠፋ፤ የሚያበግናትም ይኸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሩዋንዳ ሰፈር ባለ ክሊኒክ አልትራሳውንድ የተነሣች ዕለት ነው። ዶክተር ሔዋን ስክሪኑን ስታይ ብዙ ቆየችና፣ «የጽንሱ ኩላሊቶች ውሃ ቋጥረዋል፤ ፊኛውም ተወጥሯል። የሽንት መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ወንዶች ላይ የሚያጋጥም ነው። እንደተወለደ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» አለቻቸው። ሚኒባስ ነጂው ባሏ ጣሃ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ወንድ» የምትለዋን ብቻ! ገና ደረጃውን ሳይወርዱ ለእናቱ ደወለ። ከሰዓት በኋላ የተሳፈረ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው ዋለ። ስለ ኩላሊቱ ማን ይጠይቅ!

ሃይደር ተወለደ። ሳጂዳ ከጤና ጣቢያው እንደወጣች በቀጥታ ወደ ዶክተሯ እንሂድ አለች። ከወሎ ሊያርሷት የመጡት አማቷ ወይዘሮ ሐሊማ ግን አበዱ።

«አርባሽ ሳይሞላ ደጅ? ብርድ ሊመታሽ? ልጁን ዓይን ሊበላው?»

«እማዬ፣ ኩላሊቱ ቶሎ ይታይ ተብሏል።»

«ምን ሆነና? ይሸናል እኮ!»

አዎ፣ ይሸናል። ግን ጤነኛ ወንድ ሕፃን ዳይፐሩ ሲፈታ የአያቱን ፊት ነው የሚያርሰው፤ ሃይደር ያምጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ለጣሃ ስታሳየው «አይዞሽ፣ ትንሽ ልጅ አይደል?» ይልና የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ውልቅ። አራስ ጠያቂው ደግሞ እርጥቡን ዳይፐር እያየ አልሐምዱሊላህ ይላል። ለእነዚህ ሰዎች ምን ተብሎ ይነገራል? አልቅሳ ነገረቻቸው፤ አራስ ሆደ ባሻ ናት አሉ። ጮኻ ነገረቻቸው፤ ወተትሽ ይደርቃል ብለው ገንፎ አቀረቡላት።

አንድ ጠዋት ሃይደር ጡት እምቢ አለ፤ ሰውነቱም እሳት ሆነ። ሳጂዳ ማንንም አላስፈቀደችም። ልጁን ጠቅልላ ተነሣች። ወይዘሮ ሐሊማ በሩ ላይ ሲቆሙ፣ «ይለፉኝ፣ እማዬ» አለቻቸው፤ በሱቅ ድምጿ። አሳለፏት። ጣሃም ደንግጦ መኪናውን አስነሣ።

ዶክተር ሔዋን ገና ስታየው ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። እዚያ በቀጭን ቱቦ ሲከፍቱለት የተጠራቀመው ሽንት አላቆም አለ። ሳጂዳ ከዚያች ትንሽ ሆድ ይህ ሁሉ መውጣቱን ስታይ ጥርሷን ነከሰች።

ማታ የሆስፒታሉ ሐኪም ጠራቸው። «መውጫውን የዘጋውን ነገር በቀዶ ጥገና እናነሣዋለን። ቀኙን ኩላሊት እናተርፈዋለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግራው ግን ክፉኛ ተጎድቷል። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ምናልባት…» አለና ተወው። «እስካሁን ምን ያዛችሁ?»

«አላወቅንም፣ ዶክተር» አለ ጣሃ።

ሳጂዳ ዞራ አየችው።

«እኔ አውቄ ነበር» አለች። «ለአንተም ነግሬሃለሁ።»