የወንድሜ ፎቶግራፍ

ጎንደር አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሲሸተኝ፣ በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ የነበሩት ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ ትዝ አሉኝ። ነጋዴ ነበሩ፤ ከገዳሪፍ ባመጧት ካሜራ ለደስታቸው ሰው እያነሱ ራሳቸው ያጥቡ ነበር። ታላቅ ወንድሜንም ጠመንጃ እንደያዘ አንስተውታል። እሱ ዱር ከገባ በኋላ ጣሊያኖች የአርበኞችን ፎቶ ፍለጋ ቤት ለቤት መበርበር ጀመሩ።

እናቴ «ሐጂ፣ ለእኔ ይስጡኝ፤ ማሽላው ውስጥ እደብቀዋለሁ» ብላ ለመነቻቸው።

«እኅቴ፣ አምኖኝ ነው የተነሣው። ቢገኝ ያስገደልነው እኛ ነን» አሉና ፎቶውን ከነፊልሙ እሳት ውስጥ ጨመሩት።

ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴ ካረጀች በኋላ፣ «ፍንጭቱ የላይኛው ጥርሱ ላይ ነበር አይደል?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ሳላስታውስ «አዎ» እላት ነበር።